አፉ የታሰረ ጉድጓድ

ሜግና ወንዝ አፈሩን ከሩቅ አገር ዘርፎ፣
ባሕሩ አፍ ሲደርስ የጣለው ተራርፎ፣
ደሴት ሆነ አሉ፤ ሰው ገባ ተቃቅፎ።
ርስቱ ውሃ ነው፣ ውሉም ውሃ ላይ፣
ዳኛው ማዕበል ነው፣ ምስክሩ ሰማይ።

ኢድሪስ በብስክሌት፣ ድምፅ ማጉያ በእጁ፣
ቀይ ባንዲራ ሰቅሎ ጮኸ በየደጁ፦
«አንድ ነው! አንድ ነው! ቀድማችሁ አዘጋጁ!»
ቶፋዜል አሣ አጥማጁ መረቡን እየሰፋ፣
ቀይ ምራቁን ከቢተል ቅጠሉ ጋር ተፋ።
«አንድ ስንት አየሁ» አለ፣ «አንድን ማን ይቆጥራል?
ንፋሱ ሲሰለቸው ራሱ ይመለሳል።»

ሞርሺዳ ቆጠረች።

ሩዙን በላስቲክ፣ ክብሪቱን በጨርቅ ቋጠረች፤
የባሏን የሞት ወረቀት፣ የልጇን የክትባት ካርድ
በዘይት ጀሪካን ከትታ ክዳኑን በሰም ደፈነች፤
የዱባውን ዘር፣ የቃሪያውን ዘር ምድጃ ሥር ቀበረች።
ዳክዬዎቹን ፈታች። ዳክዬ ዋና ያውቃል።
ፍየሏን ወደ ጉብታው ነዳች። ፍየል አያውቅም።
በመጨረሻ ወደ ውሃ ፓምፑ ዞረች፦
እጀታውን ነቀለች፣ አፉን በላስቲክ ሸፈነች፣
በላስቲኩ ላይ ጆንያ፣ በጆንያው ላይ የብስክሌት ከመነዳሪ፣
እንደ አራስ ልጅ እትብት አጥብቃ አሰረች።

«ቤትሽን ትተሽ ብረት ታስታምሚያለሽ?» አሉ ሴቶቹ።
«ቤትማ ይሠራል፤
ጨው የጠጣ ጉድጓድ ግን ስንት ዓመት ይታመማል።»

ሁለተኛው ባንዲራ ከአንደኛው በላይ ወጣ።
ሦስተኛው ሲሰቀል ከሰዓቱ በፊት መሸ።
በምሰሶ ላይ የቆመው የሲሚንቶ መጠለያ
እስከ ደረጃው ሞላ፤
ቁርአን በአናት ላይ፣ ዶሮ በጉያ።
ሌሊቱን አልተርክም፤ እኔ አልነበርኩም።
የነበሩትም የሚነግሩኝ ድምፁን ብቻ ነው፦
ቆርቆሮ እንደ ጨርቅ ሲቀደድ፣
ከዚያ ባሕሩ ከእግራቸው በታች፣ በምሰሶዎቹ መሃል፣
ማንንም እንደማይፈልግ መንገደኛ ሲያልፍ።

እኔ የደረስኩት በአራተኛው ቀን ነው፤
ሰማያዊ ሰደርያ፣ ሰሌዳ፣ በክር የታሰረች እስክሪብቶ።
ቅጼ ሦስት ዓምድ አለው፦
ሙሉ በሙሉ የፈረሰ። በከፊል የፈረሰ። ያልፈረሰ።
ሰልፉ በጭቃው ላይ ረዘመ።
«ገንዘቡ በስልክ ይላካል» አልኩ፤
«ስልኬን ባሕሩ ወሰደው፣ ለሱ ይላኩለታ!» አለ አንዱ፣
ሰልፉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ፤ ከዚያ ማንም አልሳቀም።
«አሻራ እዚህ» አልኩ። አንዲት እናት አውራ ጣቷን ሰጠችኝ፣
ገመድ ስትይዝ አድራ ቆዳው የለም።
«መረብ የሚል ዓምድ የታለ?» አለኝ ቶፋዜል።
የለም አባቴ።
«ታዲያ እኔ ምን ጠፋብኝ ልበል?»

የውሃ ጀልባው አልመጣም ነበር። ምላሴ ደረቀ።
ሌላ ሰልፍ አየሁ፣ ከኔ ሰልፍ የሚረዝም፤
ጫፉ ላይ ሞርሺዳ፣ ቤቷ በነበረበት ቦታ ቆማ፣
ከመነዳሪውን ፈትታ፣ እጀታውን መልሳ፣
እየረገጠች ሳይሆን በሙሉ ወገቧ እየወረደች፣
ጣፋጭ ውሃ ታወጣለች።
የሳቁባት ሴቶች እንስራቸውን ይዘው፣ ዝም ብለው።

ጠጣሁ። ከዚያ ሰሌዳዬን አነሣሁ።
መመሪያው እንዲህ ይላል፦
ንጹሕ ውሃ ያለው ቤተሰብ ከተራ ወደ ኋላ ይሄዳል።
ተዘጋጅታለችና ትቆይ፤ ያልኩት እኔ አይደለሁም፣
ግን እስክሪብቶዋ በኔ እጅ ናት።
«ፓምፑ የማን ነው ልበል?» አልኳት፣ ዓይኗን ሳላይ።
ሰልፉን በአገጯ አሳየችኝ።
«የነሱ በል። ያንተም በል፤ ጠጥተሃላ።»

ጻፍኩ፦ ቤት፣ ሙሉ በሙሉ። ውሃ፣ የጋራ።
ነገ ቢሮ ይጠይቁኝ ይሆናል፤ ይጠይቁኝ።
ልሄድ ስል ሽማግሌው አሁንም እዚያው ነበር፣
ባዶ እጆቹን እያየ፣ ጣቶቹ ከልምድ እየሰፉ።
ወረቀቱን ገለበጥኩት። ጀርባው ላይ መስመር አሰመርኩ፦
መረብ፣ አንድ።