ሃያ ደቂቃ

በነሐሴ ሻርጃ ቧንቧ ይዋሻል፤
ቀዝቃዛ ያልሽው ያቃጥላል፣ ሙቅ ያልሽው ይሻላል።
ጣሪያ ላይ ያለው በርሜል ፀሐይ ሲጠጣ ውሎ
ማታ ይተፋዋል እንደ ሾርባ አፍልቶ አብስሎ።
እኛም ዘዴ አወቅን፤ ማሞቂያውን አጥፍተን
በጥላ የዋለውን ውሃ በባልዲ ቀድተን
"ቀዝቃዛ" እንለዋለን። ስም ነው እንጂ መቼም፣
እዚህ አገር ነገር በስሙ አይገኝም።

ስድስት ሴት፣ አንድ ክፍል፣ አንድ መታጠቢያ፤
በሩ ላይ ወረቀት፣ የተራ ማወቂያ።
ትርሲት ናት የጻፈች፣ ቀጥ ባለ መስመር፦
ለሰው ሃያ ደቂቃ፤ አይቀነስ፣ አይጨመር።
ያሳለፈች እንደሆን በሩ ይንኳኳል፤
ከሦስተኛው በኋላ ስድብ ይከተላል።

እኔ ከዚህ በፊት፣ ሰው ቤት እያለሁ፣
አራት ዓመት ሙሉ ገንዳ ሞልቻለሁ።
የመጀመሪያ ቀን፣ አላዋቂ ሆኜ፣
ዘይቱን ከነነፍሱ ውሃው ላይ በትኜ፣
ማዳም ገብታበት ጀርባዋ ተቃጥሎ
ጩኸቷ ወረደ ደረጃውን ዘሎ።
ያኔ ገባኝ፦ ዘይት ከውሃ አይዋደድም፤
አስታራቂ ካላገኘ አይተኛም፣ አይወርድም።
በወተት ነው አሽተሽ፣ ወይ በጨው ለውሰሽ
ወደ ገንዳው ምትለቂው፣ ቀስ በቀስ አፍስሰሽ።
ላቬንደር ስድስት ጠብታ፣ ጽጌረዳ ሁለት፤
ለተጣላ ሽማግሌ፣ ለዘይትም ወተት።

እሷ እዚያ ስትንሳፈፍ፣ በር ላይ ፎጣ ይዤ ቆሜ
ሽታው ብቻ ነበር ድርሻዬ በድካሜ።
በሩን የሚመታ የለም። ሰዓት የላትም።
ውሃው እስኪበርድ ድረስ ማንም አይጠራትም።

ዛሬ ዕቃ ደረሰ ለሉባባ ከሐይቅ፤
የጎረቤት ልጅ ናት ያመጣችው፣ በጭንቅ።
ጉምሩኩ አሽትቶ "ምንድን ነው?" ቢላት
"የሆድ ቁርጠት ሻይ ነው" አለች፣ ዓይኑን ሲያፈጥባት።
ጦስኝ አለ፣ ጠጅ ሳር፣ ጤና አዳም ከነፍሬው፤
አሪቲም ደርቆ ነበር፣ ግን አልሞተም ሽታው።
ጤና አዳሙን ለይቼ መለስኩት ለሻዩ፤
ቆዳ ያቆስላል፣ ነገ ሲያገኘው ፀሐዩ።

ሉባባ ቀኑን ሙሉ ካውያ ፊት ቆማ፣
የማትለብሰውን ልብስ ስትተኩስ ደክማ፣
እግሯ እንደ ሊጥ ኩፍ ብሎ፣ ጫማዋን አጥብቆ
መጣች። ስቤ አወለቅሁት፤ ካልሲው ከሥጋ ተጣብቆ።

ገንዳ የለንም እኛ። ያለን ሳፋ ነው፣
ሰማያዊ ፕላስቲክ፣ ጠርዙ የተሰነጠቀው፤
ጠዋት ልብስ፣ ማታ ጎመን የሚታጠብበት።
ዛሬ እግር ይግባበት።

ጠጅ ሳሩን አፍልቼ፣ ጦስኙን ጨምሬ
ከድኜ አቆየሁት፣ እንፋሎቱን አስሬ።
ከዚያ ከሻንጣዬ አንዲት ብልቃጥ አወጣሁ፣
ግማሽ የቀረባት፣ ከዚያ ቤት ያመጣሁ፤
የመጨረሻ ወር ደሞዜን ብጠይቃት
"ይቺን ያዢ" ያለችኝ ማዳም፣ ሳቅ ሳቅ ብሏት።
ሦስት ጠብታ በወተት። ወተቱ የትርሲት ነው፤
ስሟን በማርከር ጽፋ ፍሪጅ ያስቀመጠችው።

ሉባባ እግሯን ነከረች። "ሐይቅ" አለች። ሌላ አልጨመረች።
ግድግዳውን ተደግፋ ዓይኗን ጨፈነች።
ወረቀቱ "ከሦስት እስከ ሦስት ከሃያ" ይላል፤
ሦስት ተኩል ሆነ፤ ኮሪደሩ ዝም ብሏል።

ልማድ ነው፤ በር ላይ ቆሜያለሁ፣ ፎጣ ይዤ።

ባለተራዋ ትርሲት ናት። ሳሙና በእጇ፣ ነጠላ ጫማ በእግሯ፣
ስልኳን እያየች መጣች፣ እንደታሰረ ግንባሯ።
ጣቷን አጥፋ አነሳች።
አወረደች መልሳ።
ወለሉ ላይ ቁጭ አለች፣ ትከሻዋን ለበሩ አውሳ።
"ወተቴን ነው?" አለችኝ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።
"አዎ።"
"ይሁን። አትቀስቅሻት። እታጠባለሁ ሲነጋ።"