ምዕራፍ ዘጠኝ

ትናንት ሌሊት ገደልኩት፣ ምዕራፍ ዘጠኝ ላይ፤
ትኬት ቆራጩን ኦድቫርን፣ ከመርከብ ወደ ባሕር ጥዬ፣
«ታሪኩ ይጠይቃል» ብዬ።

መቼስ በርገን ነውና ጠዋትም ዘነበ፤
እግሬ ዓሣ ተራ ሲደርስ፣ እጄ ለሁለት ሰው አሰበ።
«እንግዳ አለብሽ?» አለች ሻጯ፣ ዓሣውን ስትጠቀልል፤
«አዎ» አልኳት። ሌላ ምን ልበል?

አሥራ አንድ ዓመት ጠረጴዛዬ ሥር እግሩን ዘርግቶ የኖረ፣
ሻይ ያለ ስኳር የሚጠጣ፣ ሲስቅ ጥርሱን በመዳፉ የሚሸፍን፣
ድንኳን የማይተከልለት፣
«ነፍስ ይማር» የሚል ጎረቤት የሌለው፣
ከእኔ በቀር ዘመድ ያልፈጠርኩለት።

ማታ ተመለስኩ። አላስነሳሁትም፤ ሞት ሞት ነው።
ግን ሁለት መስመር ወደ ኋላ ሄጄ
ከባዱን ካፖርቱን አለበስኩት፣
ውሃው ይበርደዋል ብዬ።