ከአንገት ነው ከአንጀት?

ሚዛን ጠጋኝ ነኝ እኔ፣ ኩታይሲ ከተማ፣
ቅንጣት ብትጎድል እንኳ ጆሮዬ የሚሰማ፤
የአይብ ነጋዴውን፣ የወርቅ አንጥረኛውን፣
ከደጅ ነው የምለየው የዋሸ ብረቱን።
ቤቴ ውስጥ ያለውን ግን… ቆይ፣ ከመጀመሪያው።

ኤቴሪ ሚስቴ ናት፣ የሒሳብ መምህርት፤
ሠላሳ ዓመት ሙሉ ድምጿ ከፍ ሲል ያልሰማንባት፣
ልጅ ከቀጣች ወዲያ ይቅርታ የምትል፣
ዝንብ ይዛ በመሐረብ ደጅ ወስዳ የምትጥል።

ባለፈው ጥር ላይ ግን፣
የሪዮኒ ዳርቻ በበረዶ ሲጋገር፣
ኤቴሪ መስኮቱን በርግዳ ስታድር፣
እኔ በካፖርቴ ጥርሴ ሲንገጫገጭ፣
እሷ «ሞቀኝ» እያለች ውሃ ፊቷ ላይ ስትረጭ፤
ከሌሊቱ ዘጠኝ ብርጭቆ ስትወለውል፣
እጇ ተንቀጥቅጦ አንዱ ወድቆ ከሽ ሲል፣
አለቀሰች። ሳቀች።
ስባሪውን ጠርጋ ሌላ አነሣች።

አንድ ማለዳ ደግሞ ደረቅ ዳቦ ሳላምጥ፣
«ቫሊኮ!» ብላ ጮኸች ዐይኗ ወጥቶ ሲያፈጥጥ፤
«ጓዳ ግባና አኝክ! መንጋጋህ ወፍጮ ነው፤
ሠላሳ ዓመት ሙሉ እኔን ነው የፈጨው!»
ዝም አልኋት። ከዚያ ቀን ጀምሮ
ዳቦዬን በሻይ አርሼ ነበር የምውጠው።

በዚያው ሳምንት አርብ፣ መምህራን በሞሉበት፣
ርዕሰ መምህሩን ፊት ለፊት ቆመችበት፦
«የከሰሉ ገንዘብ የት ነው የገባልህ?
ሦስት ክረምት ሙሉ ልጁ በጓንት ሲጽፍ፣
ቆርቆሮ በጣሪያህ ከሰማይ ነው የሚረግፍ?»
ሁሉም ያውቅ ነበረ። ሁሉም አቀርቅሮ
ጫማውን ያይ ነበር ምላሱን ቀብሮ።
ሰውየው ተነሣ። ከተማው አወራ፦
«ሐሞት ያላት ሴት ናት፣ ምንም የማትፈራ!»

እኔን ያስፈራኝ ግን ቀሚሷ ነው።
ለሁለት ሰው በልታ
ወገቡን በመርፌ ቁልፍ ትይዘው ጀመር።
ሱቄ ወስጄ በዱቄት ሚዛን ላይ አቆምኋት፦
ዘጠኝ ኪሎ የለም። የት ገባ? ሌባው ማነው?

ዶክተር ላማራ አንገቷን በሁለት ጣት ዳብሳ፣
«ዋጪ፤ ድገሚ» አለቻት፣ ጣቷን ደግማ መልሳ።
«ዕጢ ናት፤ ጤነኛዋ ሃያ ግራም ብትመዝን፤
ስታብድ ልብ ታስጋልባለች፣ ትነሣለች እንቅልፍን፤
ላቡም፣ ቁጣውም የሷ ነው።»
ሃያ ግራም! የቅመም መመዘኛ፣
ከድንጋዮቼ ሁሉ ትንሿ፣
ቤቴን እንዲህ ገለባብጣ!

ነጭ እንክብል፣ ጧት ማታ። ሚያዝያ ላይ ተኛች።
መስኮቱን ዘጋች፤ ቀሚሷን ሞላች።
«ስለ መንጋጋህ ይቅር በለኝ» አለች፣
«ዕጢዬ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም።»
ደስ አለኝ፤ ደረቅ ዳቦ ቆርጬ
እንደ ፈረስ አኘክሁ።

ማታ ግን፣ በጨለማ፦
«ቫሊኮ፣ መንጋጋህን ለዕጢዬ ከሰጠሁት፣
ከሰሉን ለማን ልስጥ? ያን ቀን የጮኽሁበት
የኔ አይደለም ልበል? ሐሞት ነው ያሉት፣
እስቲ መዝንልኝ፣ ከአንገት ነው ከአንጀት?
ደግሞስ ሠላሳ ዓመት አውቄ ዝም ስል፣
ያቺ ዝምተኛዋስ የማን ዕጢ ትባል?»

ሱቄ ወረድሁ። ሃያ ግራሟን
በአንዱ ሳህን ላይ አኖርሁ።
በሌላው ምን ላኑር? ቆሜ ቆየሁ፤
የሚዛኑ ምላስ ወደ አንድ ወገን ተንጋዶ ቀረ።

እንክብሉን ትውጣለች፤ አይቻለሁ፣ ቆጥሬአለሁ።
መስኮቱ ግን ዛሬ ጧት
ሁለት ጣት ተከፍቷል።
እኔም አልዘጋሁት።