በእሳቱ ሰ

የግንቦት ሌሊት፣ ገንደ ቆሬ። ቆርቆሮው የቀኑን ሙቀት ይተፋል፣
ቬንትሌተሩ እንደ ሽማግሌ ዳኛ አንገቱን አዙሮ ያልፋል፤
እናቴ ሰሌኑ ላይ ጋደም ብላ፣ እኔ በስልኬ ጭላንጭል፣
አያቴን እፈልጋለሁ፣ ከአሮጌ ጋዜጣ መሃል።

ያኔ ከአዲስ አበባ በባቡር ሲመጣ፣ ሦስት ቀን የቆየ ወሬ ነበር፤
ዛሬ ፎቶ ተነስቶ መጣ፣ ስልሳ ዓመት አርጅቶ፣ ከማላውቀው አገር።
መኪና አንብቦታል ይላሉ። ማንበቡንስ አነበበ፣
«ባቡር ደረሰ»ን «ባቡር ደረለ» እያለ፣
እንቅልፍ እንደጣለው ተማሪ እየተንተባተበ።

እናቴ የምታውቀው አንድ ነው፦ «አባቴን ሐዲድ በላው።
አይሻ ላይ ባቡር ተገልብጦ። መቃብሩንም ማንም አልለየው።»
በየዓመቱ ጥር ሲገባ ንፍሮ ቀቅላ ጎረቤት ታዘግናለች፣
«ነፍስ ይማር» ሲሏት፣ «አሜን፣ ፍሬን እንደያዘ ነው የሞተው» ትላለች።

የዚያን ዓመት ገጽ በገጽ አገላበጥሁ።
ደጫቱ ሞልቶ ሁለት ግመል ወስዷል።
ከዚራ ውስጥ አንድ ግሪክ ፒያኖውን ይሸጣል።
ስኳር አምስት ሳንቲም ጨምሯል።
የተገለበጠ ባቡር የለም።

ስሙን ጻፍሁ። «ሣህሉ ደባልቄ»፦ ባዶ። «ሳህሉ»፦ ባዶ።
«ሳሕሉ»፦ የሐረር ጫት ነጋዴ፣ በወሰን የተካሰሰ።
«ሣሕሉ»፦ በሎተሪ ብስክሌት የደረሰው።
ሦስት ሀ፣ ሁለት ሰ፤ ስድስት አያት ተፈለፈሉ ከአንድ ስም፣
አንዳቸውም የእኔ አይደሉም፣
አንዳቸውም ሼመንደፈር አልሠሩም።

ሌሊቱ ሲጋመስ የሚስቱን ስም ሞከርሁ። በጸሎቱ ጸ ዝም አለ።
በፀሐዩ ፀ ስጽፍ አንድ ገጽ ብቅ አለ፤
ከጠፋ መንጃ ፈቃድና ከሚሸጥ የስፌት መኪና መካከል፦

«አቶ ሰሀሉ ደባልቄ ከአሥራ አምስት ቀን በፊት በጋዜጣ ለተናገረው መልስ። በስሙ የተበደርሁት የለም። ከመጋላ ሱቄ በዱቤ የወሰደውን አሥራ አራት ኪሎ ስኳርና አንድ ጃንጥላ እስኪመልስ ግን ስሙን ከደብተሬ አልሰርዝም። ፀዳለ አስራት።»

አሥራ አምስት ቀን ወደ ኋላ። አራተኛ ገጽ፣ ከታች፦

«ባለቤቴ የነበረችው ወይዘሮ ጸዳለ አሥራት ከኅዳር ፩ ቀን ጀምሮ ከእኔ ጋር ስለ ተለያየች፣ በስሜ ለምትበደረው ገንዘብ ኃላፊ አለመሆኔን አስታውቃለሁ። ሣኅሉ ደባልቄ፣ የምድር ባቡር ፍሬን ጠባቂ።»

መኪናው «ሣ»ን «ማ» ብሎት ኖሯል፤
«ማኅሉ» የሚባል ሰው ሆኖ፣ ማንም ሳይጠራው ተቀምጧል።
ራሱን በንጉሡ ሠ ጽፏል፣ ብዙኃኑን ኅ አስከትሎ፤
እሷ በእሳቱ ሰ፣ ደብተር ላይ ባለዕዳ እንደሚጫረው፣ ቶሎ።

ያ ሁሉ ንፍሮ።
ስልኩን ላጥፋው ብዬ አውራ ጣቴን ሳነሳ፣ ከሰሌኑ፦
«አገኘሽው?»

መዋሸት እችል ነበር። መነጽሯን አቀበልኋት፣
አንድ ጆሮው በክር የታሰረውን። ፊደሉን አጉልቼ ሰጠኋት።
በጣቷ እየተከተለች ታነባለች፤ ጣቷ ሲነካው ገጹ ይሸሻል፤
«አቦ፣ መልሺው!» እመልሰዋለሁ። እንደገና ያመልጣል።

የአባቷን አንዴ አነበበች።
የእናቷን ሦስት ጊዜ።
በሦስተኛው ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ፤ ሳቅ ይሁን ሌላ፣
ቬንትሌተሩ ዞሮ እስኪመለስ አልለየሁም።

መነጽሯን አወለቀች።
«ጃንጥላው እኮ» አለች፣ «ቤት ነበር።
እጀታው ቀንድ፣ አንድ ዘንጉ የተሰበረ።
ሁለተኛ ክፍል ሳለሁ ይዤው ሄጃለሁ፣ ለፀሐይ።»

ማን መለሰው አላልኋት። መቼ አላልኋት።
እሷም ወደ ግድግዳው ዞረች፤
መንገድ ላይ ባጃጅ ጮኾ አለፈ።

ስልኩ ዘጠኝ በመቶ ቀርቶታል።
«ጃንጥላ» ብዬ ጻፍሁ፣
መጀመሪያ በጃ፣
ከዚያ በዣ።