ካርዱ

ቤተስዳ፣ ሰሜን ዌልስ፣ እ.ኤ.አ. 1901

ጥር ላይ ንግሥት ሞተች፤ ደወል ተደወለ፤
ለጥቁር ጨርቅ መግዣ ሳንቲም ማን ጋ አለ?
ከኅዳር ጀምሮ ካባው ጭር ብሏል፣
የሃምፍራ መዶሻ ከበር ኋላ ውሏል።

መጋቢት ሲያበቃ ሕዝብ ቆጣሪ መጣ፣
የኛው ሰው ኤድኒፌድ፤ ደብተሩን አወጣ።
ቋንቋዬን ጠየቀኝ በገዛ ቋንቋችን፣
በእንግሊዝኛ ጻፈው፤ ሳቅን ሁለታችን።
የኔ ሥራ «አዋላጅ»። የባሌን ሲል ግና
ዝም ተባባልን፤ ብዕሩን ነከረና
«ድንጋይ ፈላጭ» አለ፣
አራት ወር ሙሉ አንዲት ጠጠር ላልነቀለ።

ቱዱር፣ የባሌ ታናሽ፣ ደቡብ ወርዶ ነበር፣
ከሰል ጉድጓድ ገብቶ ቀለብ ሊልክ በየወር።
ግንቦት ላይ ጉድጓዱ ነደደ።
ሰማንያ አንድ ሰው ሞተ፤ አንድ ሰው ተረፈ፤
ያ አንዱ ቱዱር አልነበረም።
በሦስተኛው ቀን ደብዳቤው ደረሰ፣ በራሱ እጅ፣
ሁለት ሺልንግ፣ «ጫማ ግዙበት ለልጅ»።

ሰኔ ላይ ካባው ሲከፈት አራት መቶ ያህል ገቡ፣
ከኛ የባሱ አይደሉም፤ እንደኛው ነው የተራቡ።
ከጌታው እጅ አንዳንድ ወርቅ ሳንቲም ተቀበሉ፤
ሳይቆይ መስኮቶቻችን ካርድ አበቀሉ፦
«በዚህ ቤት ከሐዲ የለም»።
የሎውሪ መስኮት መስታወት ብቻ ነው።
ጸሎት ቤት ስትገባ ወንበሩ ይሰፋል፤
መዝሙሩ ካፏ ሲወጣ የኛ አፍ ያርፋል።
(እኔም ተነስቼ ቦታ ቀይሬአለሁ። አልክድም።)

የከተማችን ስም የመጠመቂያው ነው፤
መልአክ ወርዶ ውኃውን እስኪያናውጥ ጠበቅን።
ዝናብ ብቻ ወረደ። ሴቶቻችን ከተማ ለከተማ ዞሩ፣
ለአንድ ጆንያ ዱቄት በሰው አገር ዘመሩ።

ታኅሣሥ፣ በረዶ፣ እኩለ ሌሊት፤ በሩ ተንኳኳ።
ሜሬዲዝ፣ የሎውሪ ባል፣ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ፤
ቃል አላወጣም።
ምጥ ካርድ አያነብም።
ፋኖሴን አጥፍቼ በጓሮ ዞርኩና ገባሁ።
ሎውሪ ጨርቅ ነክሳለች፤
ጩኸቷ መንገድ ወጥቶ
እኔን እንዳያጋልጠኝ። ለኔ ብላ።
ሴት ልጅ ወጣች፤ ሰማያዊ፣ ከዚያም ቀይ፣ ከዚያም ጩኸት፣
ማንም ጨርቅ የማያስነክሳት ሴት።
ሜሬዲዝ ከሰኔ ጀምሮ ያልዘረዘረውን ወርቅ ዘረጋልኝ።
ልውሰደው፣ አልውሰደው፣ እሱን አትጠይቁኝ።

ሊነጋ ሲል ቤቴ ፊት በረዶው ላይ ቆምኩና
ካርዱን ለመጀመሪያ ጊዜ ከውጭ አነበብኩት።
ስድስት ወር ከውስጥ ሳየው የኖርኩት ጀርባውን ነበር፤
ጀርባው ነጭ ነው።
ምንም አይልም።