የአጭር መንገድ ውሃ

ቪስማር በጥር ወር ጎዳናው ነጭ ነው፣
ከበረዶው ይልቅ የሚበዛው ጨው።
ዲትማር ተንበርክኮ ከሞተሩ ሥር
የጭስ ማውጫውን በጥፍሩ ሲመረምር፣
«እዚህ ይጮሃል» አለኝ፤ «እዚህ ግን ድምፅ የለም፤
ከውጭ ያየው ሰው ታሟል አይለውም።»

ጨው ነው? አልኩት።
                    «ጨውማ ይታጠባል፣
በቀዝቃዛ ውሃ፤ ሙቅ ያባብሰዋል።
አድርቀህ ዘይት በነካ ጨርቅ ታሸዋለህ፣ በቃ።
ቧንቧን የሚገድል የራሱ ትንፋሽ ነው፣
ሳይግል ሲያጠፉት ውስጡ የሚቀረው።
ላብ ሆኖ ይወርዳል፣ ያድራል ከሆዱ፤
አጭር ነው ገዳዩ፣ አጭር ነው መንገዱ።»

ብረትን እንደጋለ ቀጥቅጥ ነው ተረቱ፤
ሳይግል የቀረውን ማን አነሳው ከቶ?

ጉድሩን የተኛችበት ሆስፒታል ቅርብ ነበር፤
አራት ደቂቃ ነው፣ ከድልድዩ ዳር።
ጠዋት ሄደ። መጣ።
ማታ ሄደ። መጣ።
ክረምቱን በሙሉ፣
ሞተሩ ሳይሞቅ ገባ፣ ሳይሞቅ ወጣ።
«ሮስቶክ ብትታመም ኖሮ» አለ፣ ሳቅ ብሎ፣
«ቧንቧዬ ይተርፍ ነበር።»
ከዚያ ቡሎኑን ሲፈታ ቆየ።
ቡሎኑ ግን ቀድሞ ተፈትቶ ነበር።

አዲሱን ሲገጥም ቁልፍ አቀበልኩት።
ዝቅ ካለው ቦታ፣ ከሆዱ በታች፣
በቀጭን መሰርሰሪያ አንድ ነጥብ በሳ፤
«ውሃ ነው» አለኝ፣ «መውጫ ይፈልጋል።»

ዘንድሮ ዳቦ ቤት፣ ከደጁ ፊት ያለ፣
ሲሄድ ዞሮ ነው፣ በባሕሩ ዳርቻ፣
ቧንቧው እስኪግል ድረስ
ሃያ ኪሎ ሜትር፣
ለአንድ ዳቦ ብቻ።