ሁለት ሚሊግራም

ትንፋሼን ይዣለሁ ሚዛኑ ፊት ቆሜ፣
ከብልቃጡ ዱቄት በጫፍ ማንኪያ ለቅሜ።
ሁለት ሚሊግራም ነው፤ ቅንጣት፣ ፍንጣሪ፣
በብዙው ገዳይ ነው፣ በትንሹ ጧሪ።

ውጭ ሳስካቱን ናት፤ ከዜሮ ሥር ሠላሳ፣
መኪናው በገመድ ከግድግዳው መብራት
ጠብቶ ያደረባት እንደ ጨቅላ እንቦሳ።
ውስጥ መደርደሪያው ላይ የሠራነው በጋ፣
በሰዓት የሚመሽ፣ በሰዓት የሚነጋ።

ዶክተር ዳርሊን ሆሉብ ጠዋት ስትገባ
እኔን ሰላም አትል ብልቃጥ ሳታባባ።
ሠላሳ ዓመት ሙሉ የኖረችው በአረም፣
እንዴት እንደሚሞት ስትጽፍ፣ ስትቀምም።

ያስተማረችኝ ይህን ነው፦
አረም በዚህ ሲሞት በረሃብ አይደለም፣
በጥማት አይደለም፣ በእሳትም አይደለም።
እደግ ይለዋል ዱቄቱ፣ ተመንደግ ይለዋል፣
ቅጠሉ ይሰማል፣ ግንዱ ይታዘዛል፣
ያድጋል፣ ይጣመማል፣ ማቆም ይሳነዋል፣
ሥሩ ያላኖረውን አናቱ ይበላል፣
በምርቃት ብዛት አንገቱ ይሰበራል።
(ምርቃት ያልኩት እኔ ነኝ።
እሷ ያለችው ሆርሞን ነው።)

አባቷ የስንዴ ገበሬ ነበር፤ ረጭቶ ሲመለስ
እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ ዳቦ የሚቆርስ።
በሃምሳ ስምንቱ ሞተ።
በምን እንደሆነ አልጠየቅኋትም።

መስከረም ላይ አንድ ሰው፣ ኤልዚር ላሮክ የሚባል፣
ባዶ የአይስክሬም ባልዲ ጭቃ ሞልቶ ይዟል።
ሳል የሚያለዝብ ሥር፣ ሴኔጋ፣ ከልጅነቱ
በየመንገዱ ዳር ሲቆፍር ከእናቱ፣
አድርቆ፣ መዝኖ፣ ሸጦ ነው የቆመው ቤቱ።
«ማዘጋጃ ቤቱ ቦዩን አስረጨና
ተጠማዞ አለቀ፤ የቀረች ይህች ናት» አለና
ከደረት ኪሱ አወጣ የታጠፈ ወረቀት፤
ገጽ ዘጠኝ፣ ስንት ሊትር ለስንት ሄክታር መሬት፣
ከግርጌው ስሟ አለ በጥቁር ቀለም፦
ሆሉብ።
አላስተባበለችም። ይቅርታም አላለችም።
መነጽሯን ወለወለች፣
ባልዲውን ተቀበለች።

ከአርባው ብልቃጥ ሠላሳ ሰባቱን ሻጋታ በላው።
ለቀሩት ለሦስቱ ያንኑ ገዳይ ሰጠናቸው፣
ሁለት ሚሊግራም፣ በጆሮ ሹክ እንደማለት፦
እደግ፣ ቀስ ብለህ፣ ማንም አይጠብቅህ በዚህ ክረምት።
ቁራጩ ግንድነቱን ረሳ፣ ቅጠልነቱን ረሳ፣
ቢጫ ሊጥ ሆኖ ተኛ፣ ስሙ ቢጠራ የማይነሣ።
ምርቃቱን ስናቋርጥ፣ ዝም ያልነው ለት፣
ቅጠል መሆን ትዝ አለው፤ ጥር ላይ፣ ቅዳሜ ሌሊት።
የመርፌ ጫፍ የምታህል አረንጓዴ።
ዳርሊን ወንበሯን ስባ አጠገቧ ተቀመጠች፣
ሾርባዋ እስኪቀዘቅዝ።

«በእኛ አገር» አልኳት፣ «ገበሬው የሚረጨውም፣
ልጁ ሲያስል የሚያጠጣውም
ስሙ አንድ ነው፤ መድኃኒት።»
«ቃል አጥሯችሁ ነው?» አለች።
«ወይም ልኩን ለመዛኙ ትተን።»
አልሳቀችም። ብዕር አንሥታ ብልቃጡ ላይ ጻፈችው፣
በላቲን ፊደል፣ ሁለት ቦታ ስታ።
አላረምኳትም።

በሰኔ ኤልዚር ፀጉር የምታክል ሥር አኘከ።
ጠበቅን።
የእኛ መሣሪያ ግማሽ ኃይል ነው ያላት ብሏል።
«ምሬቱ ይዘገያል» አለ፣ «ግን ይመጣል።»
ማንን እንደምናምን ዛሬም አልወሰንንም።

አሥራ ሁለቱን ችግኝ ቦዩ ዳር ተከልን፤
ዳርሊን እንጨት ቸነከረች፣ «አትርጩ» የሚል፣
ከሥሩ ስሟን፣ ገጽ ዘጠኝ ላይ እንደነበረው።
ሐሙስ ዕለት የመርጫው መኪና መጣ። ቀስ አለ።
ትንፋሼን ይዣለሁ።
ሹፌሩ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ አነበበ፤
ቧንቧውን ዘጋው
ለሃያ እርምጃ ያህል፣
ከዚያ ከፈተው።